ለስስ ጆሮ የሐዘን እንጉርጉሮ ምን ይመስላል?

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈቱት ሴት ጥያቄያቸውን ያቀረቡት በአክብሮትና በዝርዝር ነበር። ከልጅነታቸው ጀምሮ ድምፅ የሚከብዳቸው ሰው መሆናቸውን፣ ወንበር ሲጎተት ወይም ብረት ከብረት ሲጋጭ መላ አካላቸው እንደሚኮማተር ከገለጹ በኋላ፣ ይህን የሚያውቁ ወዳጆቻቸው ሊያሳርፏቸው ባሰቡ ቁጥር ለስለስ ያለ የሐዘን ዘፈን እንደሚከፍቱላቸው ጻፉ። ችግሩ ያለው ግን እዚያው ለስላሳው ዘፈን ላይ ነው። ከበሮና ቤዝ የሞላበትን የጭፈራ ሙዚቃ ያለ ብዙ ጭንቀት እየሰሙ፣ በአንድ ፒያኖና በአንድ ሰው ድምፅ ብቻ የተቀዳ እንጉርጉሮ ሲጀምር ትከሻቸው ወደ ጆሯቸው እንደሚወጣ ይናገራሉ። ዘፋኟ የመጀመሪያውን ቃል ከማውጣቷ በፊት የምትስበው ትንፋሽ፣ ከንፈሮቿ ሲላቀቁ የሚሰማው እርጥብ ድምፅ፣ የፒያኖው ፔዳል ሲለቀቅ ከሥር የሚመጣው ደብዛዛ ኳኳታ፣ ከዚያም አዝማቹ ላይ ድምፅዋ በአንድ ጊዜ ከፍ ሲል የሚይዛቸው ድንጋጤ፣ ሁሉም በየተራ ተዘርዝሯል። ነገሩን የሚያወሳስበው ዘፈኑን መውደዳቸው ነው፤ ሆዳቸው ይባባል፣ እንባቸው ይመጣል፣ እስከ መጨረሻው ሊሰሙት ይፈልጋሉ፣ ነገር ግን አይችሉም። የሚያስቸግራቸው ጆሯቸው ይሁን ወይስ ልባቸው፣ የሚያውቅ ካለ እንዲነግራቸው ጠየቁ።

1ኛው ምላሽ ምስጋና ብቻ ነበር ማለት ይቻላል፤ ጸሐፊው እንዲህ የሚሆኑት እርሳቸው ብቻ ይመስላቸው እንደነበር ገልጸው አልፈዋል። 2ኛው የድምፁን መጠን ዝቅ ማድረግ እንደሚበቃ መከሩ። 3ኛው ይህን ምክር በትሕትና አረሙት። መጠኑ ሲቀነስ ትንፋሹም ዜማውም እኩል ስለሚወርዱ በመካከላቸው ያለው ምጣኔ እንዳለ ይቆያል፤ እንዲያውም አድማጩ ግጥሙን እንዳያመልጠው ጆሮውን ይበልጥ ስለሚያቀና ትንንሾቹን ድምፆች አንድ በአንድ ይለቅማቸዋል። ይህች አጭር እርማት ከኋላዋ የመጣውን ክርክር ግማሽ ያህል ተሸክማለች፤ የሚገርመው ግን ለእርሷ መልስ የሰጠ ሰው አለመኖሩ ነው።

4ኛው ምላሽ የመጀመሪያው ተቃውሞ ነበር። ጸሐፊው ዘፈኑ የሐዘን ዘፈን ከሆነ ማስጨነቁ የተፈጠረበት ዓላማ መሆኑን፣ ሐዘንን መሸከም የከበደው ሰው ሰበቡን በጆሮው ላይ ሊጥለው እንደሚችል በጨዋ ቋንቋ አስረዱ። የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ አሪስጣጣሊስ በሙዚቃ አማካይነት ስሜት ተነሥቶ እንደሚነጻ መናገሩንም አስታወሱ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰው አንቱ ይባባል ነበር።

5ኛው ምላሽ በክሩ ውስጥ ከረዘሙት አንዱ ሲሆን ጸሐፊው የመስማት ችሎታ ምርመራ ባለሙያ መሆናቸውን ይናገራሉ። ድምፅ የማይችሉ ሰዎችን ሁሉ በአንድ ከረጢት መክተት ስሕተት እንደሆነ ካሳሰቡ በኋላ ልዩነቱን ያብራራሉ። ሃይፐራኩሲስ የሚባለው ለሌላው ሰው ተራ የሆነ የድምፅ መጠን ከልክ በላይ ጎልቶ ወይም እያሳመመ የሚሰማበት ሁኔታ ነው፤ እዚህ ላይ የሚወስነው መጠኑ ነው። ሚሶፎኒያ ግን ሌላ ነው። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ2001 ማርጋሬትና ፓዌል ያስትሬቦፍ ያወጡት ሲሆን፣ በ2022 ደግሞ አንድ የባለሙያዎች ቡድን የጋራ ትርጉም አውጥቶለታል፤ የሚወስነው የድምፁ ጉልበት ሳይሆን የድምፁ ማንነት ነው። ማኘክ፣ መዋጥ፣ በአፍንጫ መተንፈስ እጅግ ዝቅ ብለው ቢሰሙ እንኳ ቁጣን ወይም መጸየፍን ይቀሰቅሳሉ። ሦስተኛው ማይግሬን ያለበት ሰው ሕመሙ ሲነሣበት ድምፅን የሚሸሽበት ሁኔታ ነው፤ ይህም ከራስ ምታቱ መለያ መስፈርቶች መካከል ተቆጥሯል። በመጨረሻም እነ ኢሌን አሮን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያጠኑትን፣ በሽታ ያልሆነውን የስሱነት ባሕርይ ያነሣሉ፤ እንዲህ ያለው ሰው በጩኸት ቶሎ የመድከሙን ያህል በሙዚቃና በሥነ ጥበብም ከሌላው ይልቅ በጥልቅ ይነካል። ጠያቂዋ ከእነዚህ በአንዱ ብቻ ሊወከሉ ይገባል የሚል ሕግ እንደሌለ፣ ሁለቱ ወይም ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙ እንደሚችሉ ጨምረው ተሰናበቱ። እኔ ይህን ምላሽ ሳነብ ከሁሉ ይልቅ ልብ ያልኩት ጠያቂዋን ሳያዩ መርምሬአለሁ ለማለት አለመቸኮላቸውን ነው፤ ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ግን በዚህ አልተመሰሉአቸውም።

6ኛው ማይግሬን ያለባቸው ሰው ናቸው። በደህናው ቀናቸው እንጉርጉሮ ይወዳሉ፤ ሕመሙ ሲያንዣብብ ግን ያው ዘፈን፣ በዚያው መጠን፣ እንደሚያቅለሸልሻቸውና ይህንን እንደ ማስጠንቀቂያ እንደሚቆጥሩት ጽፈዋል።

ክሩን አቅጣጫ ያስያዘው 7ኛው ምላሽ ነው። ጸሐፊው በስቱዲዮ ውስጥ ቀረጻና ሚክሲንግ፣ ማለትም የተቀዱትን ድምፆች አመጣጥኖ የማዋሐድ ሥራ የሚሠሩ ሳውንድ ኢንጂነር ሲሆኑ፣ ጠያቂዋ የዘረዘሩት ሁሉ በጆሯቸው የፈጠሩት ሳይሆን በቀረጻው ውስጥ በእርግጥ ያለ ነገር መሆኑን መሰከሩላቸው። በእንጉርጉሮ ቀረጻ ዘፋኙ ከማይክሮፎኑ ጥቂት ጣቶች ርቀት ላይ ይቆማል፤ ይህ ቅርበት የድምፁን ወፍራም ክፍል ያጎላዋል፣ አድማጩም በጆሮው የሚንሾካሾክበት ያህል ይሰማዋል። ከዚያ ኮምፕሬሰር የሚባለው መሣሪያ ይመጣል። ሥራው የጎላውን ዝቅ ማድረግ ነው፤ የጎላው ከወረደ በኋላ ግን ኢንጂነሩ ጠቅላላውን መልሶ ከፍ ስለሚያደርገው፣ በተፈጥሮ ከዜማው እጅግ ያነሰ የነበረው ትንፋሽና የከንፈር ድምፅ ሽቅብ ወጥቶ ከቃላቱ ጎን ይቆማል። በጭፈራ ሙዚቃም ተመሳሳይ ነገር ይደረጋል፤ እዚያ ግን ከበሮውና ቤዙ ትንንሾቹን ድምፆች ይሸፍኗቸዋል። በእንጉርጉሮ ውስጥ የሚሸፍን ነገር የለም። የሰው ጆሮ በተለይ ንቁ የሚሆነው ከ2000 እስከ 5000 ሄርዝ አካባቢ ባለው ክልል ሲሆን፣ ኢንጂነሮች ግጥሙ ጥርት ብሎ እንዲሰማ ሲሉ የሚያነሡት ብዙውን ጊዜ ይህንኑ ክልል ነው። የሰ እና የሸ ፉጨት ደግሞ ከዚያ ከፍ ብሎ ይቀመጥና ራሱን የቻለ መርፌ ይሆናል፤ እርሱን የሚያለዝብ መሣሪያ አለ፣ ሁሉም ሰው ግን በልክ አይጠቀምበትም። ጭፈራውን ችለው እንጉርጉሮውን ያልቻሉበት ምክንያት ከዚህ እንደማያልፍ በመግለጽ ጽሑፋቸውን ዘጉ።

8ኛው ጠያቂዋ ራሳቸው የሰጡት ምላሽ ነው። ያንኑ ዘፈን ሌላ ሰው በሌላ ክፍል ከፍቶት በተዘጋ በር በኩል ሲሰሙት ምንም እንደማያስጨንቃቸው፣ በሩ ትንፋሹንና ፉጨቱን አስቀርቶ ዜማውን ብቻ ያሳልፍላቸው እንደነበር አሁን እንደገባቸው ጻፉ። እንባው ግን በበሩም በኩል እንደሚመጣ አልሸሸጉም።

እዚህ ላይ 9ኛው ምላሽ እንደ መብረቅ ወረደ። ጸሐፊዋ ዘፋኝ ናቸው፤ ኢንጂነሮች ትንፋሽን እንደ ቆሻሻ መቁጠራቸው እንደሚያንገበግባቸው፣ እርሳቸው ከስንኝ በፊት የሚስቡት ትንፋሽ የስንኙ የመጀመሪያ ፊደል እንደሆነ፣ ትንፋሹ የተነቀለበት እንጉርጉሮ ሬሳ እንደሆነ በማያሻማ ቃል አስታወቁ። 10ኛው የኢንጂነሩ መልስ ነበር። ትንፋሹ ይጥፋ ያለ ማንም እንደሌለ፣ የእርሳቸው ነገር ትንፋሹ ዘፋኟ ከሰጠችው በላይ እንዳይጎላ መጠየቅ ብቻ እንደሆነ ለዘብ ብለው አስረዱ። ሁለቱ በኋላም በተደጋጋሚ ይገናኛሉ።

በ11ኛው ላይ የ4ኛው ምላሽ ጸሐፊ ተመለሱ፤ ጨዋነታቸው ግን አብሮ አልተመለሰም። ለእያንዳንዱ ቅብጠት የግሪክኛ ስም የሚፈለግለት ዘመን መጣ፣ ዘፈን ያልወደደ ሰው ዘፈኑን መዝጋት ነው እንጂ ሕመም አለብኝ ማለት የለበትም በሚል መንፈስ ጻፉ፤ ከአንቱታ ወደ አንቺታ የተወረደውም እዚህ ላይ ነው። 12ኛው በዚያው ልክ መለሱላቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 በኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ሱክቢንደር ኩማርና ባልደረቦቹ ያሳተሙትን ጥናት ጠቅሰው፣ ሚሶፎኒያ ያለባቸው ሰዎች የሚያስቆጣቸውን ድምፅ ሲሰሙ ኢንሱላ የተባለው የአንጎል ክፍል ፊተኛው ወገን ከሌላው ሰው በበለጠ እንደሚነሣሣ፣ የልብ ምታቸውም እንደሚፈጥን፣ በ2021 የወጣው ተከታይ ጥናትም በመስሚያው የአንጎል ክፍልና አፍንና ፊትን በሚያንቀሳቅሰው ክፍል መካከል የጠነከረ ግንኙነት ማሳየቱን ዘረዘሩ። ከዚያም ተቃዋሚውን ማንበብ እንዲለምዱ መከሯቸው፤ ይህን ባይጨምሩት ማስረጃው ብቻውን ይበቃ ነበር።

13ኛው ምላሽ ከልብ አስደስቶኛል፣ ምክንያቱም ያረመው የራሱን ወገን ነው። የጥናቶቹ ቀስቃሽ ድምፆች ማኘክና መተንፈስን የመሳሰሉ እንደነበሩ፣ እንጉርጉሮ እንዳልነበረባቸው አስታውሰው፣ ከዚያ ተነሥቶ የሐዘን ዘፈን አንጎልን እንዲህ ያደርጋል ብሎ መደምደም መዝለል እንደሚሆን አሳዩ። በቀረጻ ውስጥ ያለ ትንፋሽ ትንፋሽ መሆኑ አይቀርም፤ ይሁን እንጂ በዜማ መካከል የሚመጣው፣ የሚጠበቀውና ትርጉም ያለው ትንፋሽ ከጎን ከተቀመጠ ሰው ትንፋሽ ጋር እኩል ያስቆጣል ወይ የሚለው ለብቻው መጠየቅ እንዳለበት ጠቆሙ።

14ኛው የአንዲት አክስት ታሪክ ነው። የእኅታቸው ልጅ ዊልያምስ ሲንድሮም የሚባለው ከውልደት ጋር የሚመጣ የዘረመል ችግር አለበት፤ ፊኛ ሲፈነዳ ወይም መጥረጊያ ማሽን ሲነሣ ጆሮውን ይዞ ይሸሻል፣ ሙዚቃ ሲሰማ ግን ከድምፅ ማጉያው ሥር አይነሣም። የሐዘን ዜማ ሲጀምር ፊቱን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠግቶ ያለቅሳል፤ ሊዘጉበት ሲሞክሩ እጃቸውን ይይዛል። የ5ኛው ምላሽ ባለሙያ በ15ኛው ላይ ድምፅን መፍራትና ለሙዚቃ መሳሳት በዚህ ሁኔታ ውስጥ አብረው መገኘታቸው የታወቀ መሆኑን አረጋገጡላቸው። የ11ኛው ጸሐፊ ለዚህ ታሪክ ምንም አላሉም።

በ16ኛው ላይ ኦቲዝም ያለባቸው አንድ ሰው ተጨመሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአእምሮ ሕመሞች መመርመሪያ መመሪያ ለድምፅና ለመሳሰሉት የሚታይን ያልተለመደ ስሜት ከኦቲዝም መለያዎች መካከል ማስገባቱን አውስተው ወደ ራሳቸው ገቡ። እርሳቸውን የሚጎዳቸው ከዚያ በፊት ያልሰሙት እንጉርጉሮ ነው። ዝምታው መቼ እንደሚያልቅ፣ ድምፁ መቼ እንደሚያሻቅብ ስለማያውቁ ከዜማው ይልቅ መጪውን ድንጋጤ እየጠበቁ ዘፈኑ ያልቃል፤ ስለዚህ አዲስ ዘፈን መጀመሪያ የሚያዩት በዓይናቸው ነው፣ ማለትም የድምፁን ሞገድ ሥዕል በኮምፒውተር ከፍተው የት እንደሚያብጥ ካጠኑ በኋላ ብቻ ይሰሙታል። ካወቁት በኋላ ያለማቋረጥ ይደጋግሙታል፤ ሐዘኑም ያን ጊዜ ነው የሚደርሳቸው። ከዚህ በታች በርካታ ሰዎች ይህን ዘዴ እንደሚሞክሩት ጽፈዋል።

ከ17ኛው እስከ 20ኛው ክሩ ወደ ጎን ሄደ። አንድ ሰው ፈረንሳዊው ደራሲ ማርሴል ፕሩስት ከጩኸት ለማምለጥ በፓሪስ የነበረውን የመኝታ ክፍሉን ግድግዳ በቡሽ ማስለበጡን አነሡ፤ ሌላው ያው ሰው ኦፔራን በስልክ መስመር ቤት ድረስ የሚያመጣ ቴያትሮፎን የተባለ አገልግሎት ደንበኛ እንደነበር ጨመሩ። ስለ ፕሩስት አስም፣ ስለ ቡሽ ጥቅምና ጉዳት ጥቂት ከተባለ በኋላ አወያዩ ወደ ጉዳዩ እንዲመለሱ አሳሰቡ። ኢንጂነሩ ግን አንድ ነገር ሳይሉ አላለፉም፦ የዚያ ዘመን የስልክ መስመር ቀጫጭኑን ሞገድ ስለማያሳልፍ የሰ ፉጨትና የትንፋሽ ሽውታ በመንገድ ይቀር ነበር፤ ጠያቂዋ በተዘጋ በር ያገኙትን ደራሲው በሽቦ ሳያገኘው አልቀረም።

21ኛው ጥያቄውን ከጆሮ ወደ ልብ መለሰው። ሊላ ታሩፊና ሽቴፋን ኮልሽ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት፣ 772 ሰዎች በተሳተፉበት መጠይቅ፣ የሐዘን ሙዚቃ ከሁሉ ይልቅ ደጋግሞ የሚቀሰቅሰው ስሜት ሐዘን ሳይሆን ናፍቆት የተቀላቀለበት ትዝታ ሆኖ መገኘቱን ጠቀሱ። አማርኛ ተናጋሪ አድማጭን ይህ ብዙም የሚያስደንቀው አይመስለኝም። 22ኛው የአንጎል ተመራማሪው ጃክ ፓንክሴፕ እ.ኤ.አ. በ1995 ያሳተመውን አከሉ፤ የሐዘን ሙዚቃ ከደስታው ይልቅ ሰውነትን ውርር እንደሚያደርግ አስተውሎ፣ ምናልባት ከእናቱ የተለየ ግልገል ከሚያሰማው ጥሪ ጋር ስለሚመሳሰል ይሆናል የሚል መላምት አቅርቦ ነበር። 23ኛው ሌሎች ሰዎች የሚወዱት ያ ውርርታ ለእርሳቸው ደስታ ሆኖ እንደማያውቅ፣ ከአንገታቸው ጀምሮ እንደ ብርድ ወርዶ ልብሳቸው ቆዳቸውን ሲነካ እንኳ እስኪያስጠላቸው እንደሚቆይ ገለጹ።

የ11ኛው ጸሐፊ በ24ኛው ሲመለሱ ቁጣቸው ባይበርድም የጠየቁት ጥያቄ በእኔ ግምት የክሩ ምርጥ ጥያቄ ነው። ነገሩ የጆሮ ከሆነ ያው ትንፋሽ ዜና በሚያነብ ሰው ላይ ለምን እንደማያስጨንቅ፣ የልብ ከሆነ ደግሞ ግጥሙ በማይገባ ቋንቋ የተዘፈነ እንጉርጉሮ ለምን እንደሚያስለቅስ የሚያስረዳቸው እንዲቀርብ ጠየቁ። 25ኛው ለሁለተኛው ክፍል መልስ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 ቱኦማስ ኤሮላና ባልደረቦቹ ሰዎችን ሰምተውት የማያውቁትን፣ ቃል የሌለውን የሐዘን ሙዚቃ አሰምተው፣ በጥልቅ የተነኩት የሌላውን ስሜት የመጋራት ዝንባሌያቸው ከፍ ያለው መሆናቸውን አግኝተዋል፤ ስለዚህ ለመነካት ግጥም መረዳት ግዴታ አይደለም።

የመጀመሪያውን ክፍል ያነሡት ዘፋኟ ናቸው፣ በ26ኛው። ዜና አንባቢ ሳግ አይተናነቀውም። እርሳቸው ስንኙ መጨረሻ ላይ ድምፃቸውን ሆን ብለው እንዲሰበር ሲለቁት፣ ጉሮሮ ይጠባል፣ ድምፁ ለቅጽበት ይሻክራል፣ ትንፋሽ ከቃሉ ጋር ተደባልቆ ይወጣል፣ የድምፁም መጠን ሳይታሰብ ይዋዥቃል። ይህን ለማድረግ ዓመታት የለፉት አድማጩ የሚያለቅስ ሰው በአጠገቡ እንዳለ እንዲያምን ነው። እንግዲህ ሻካራነቱ፣ ትንፋሹና ድንገተኛው ለውጥ ጠያቂዋን በጆሯቸው የሚያሳምሟቸው ነገሮች ሲሆኑ፣ ሐዘኑን የሚነግሯቸውም እነዚያው ናቸው፤ ኢንጂነሩ አንዱን ሲቀንሱ ሌላው አብሮ ይቀንሳል። ጆሮና ልብን ለይቶ መጠየቅ እርሳቸው ከሚሠሩት ሥራ ጋር እንደማይሄድ ነው የደመደሙት። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ የ5ኛው ምላሽ ልዩነት ለሐኪም አስፈላጊ ነው፣ ለዚህ ዘፈን ግን ሁለቱን የሚለይ መስመር የት ላይ እንደሚሰመር አይታየኝም። 27ኛው የኢንጂነሩ ነበር፤ የከንፈር ድምፅና የሰ ፉጨት ሐዘን እንደማይናገሩ፣ ሳጉን ሳይነኩ እነርሱን ማለዘብ እንደሚቻል ብቻ ተከራከሩ። ይህም እውነት ነው፣ ግን ከጥያቄው ጥቂቱን ነው የሚሸፍነው።

ከዚያ ምክሮች ተከታተሉ። 28ኛው ቀኑን ሙሉ የጆሮ መድፈኛ ማድረግን መከሩ፤ የመስማት ምርመራ ባለሙያው በ29ኛው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆጣ ብለው አስቆሟቸው። ክሬግ ፎርምቢና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ሙከራ፣ ለሁለት ሳምንት ጆሯቸውን ደፍነው የዋሉ ሰዎች ለድምፅ ይበልጥ ስስ ሲሆኑ፣ በዚያው ጊዜ ዝቅተኛ የማያቋርጥ ሽውታ ሲሰሙ የቆዩት ደግሞ መቻላቸው ጨምሯል። መድፈኛ ለእውነተኛ ጩኸት ነው እንጂ ለኑሮ አይደለም። 30ኛው የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ አድማጭ ያስቀመጠውን በሳምንት የ40 ሰዓት፣ የ80 ዴሲቤል ወሰን ጠቀሱ፤ ትክክል ነው፣ ሆኖም የሚመለከተው የጆሮን ጉዳት ነውና ለጠያቂዋ ብዙም አይጠቅማቸውም። 31ኛውና 32ኛው በጋራ የሥራ ቦታ ሙዚቃ መክፈት ይገባል አይገባም በሚል ተነካከሱ፤ አወያዩ የስድቡን ክፍል አንሥተውታል።

በ33ኛው ጠያቂዋ ተመልሰው የሞከሩትን ነገሩን። ማዳመጫውን ከጆሯቸው አውርደው ዘፈኑን ከክፍሉ ማዶ ከተቀመጠ ድምፅ ማጉያ ሰሙት፤ ቀጥሎም ያንኑ ዘፈን በአዳራሽ፣ ከሩቅ በተተከለ ማይክሮፎን የተቀዳውን ፈልገው አገኙ። ትንፋሹ በአዳራሹ አየር ውስጥ ሟሟ፣ የከንፈሩ ድምፅ ጠፋ። ሳጉ ግን አለ፤ እዚያ ላይ ሲደርሱ አሁንም ትከሻቸው ይነሣል፣ ይህንንም እንዲወስዱባቸው እንደማይፈልጉ ገለጹ።

ኢንጂነሩ በ34ኛው አንድ ሐሳብ አቀረቡ፦ ከባለቤቱ ፈቃድ ያገኙበትን አንድ እንጉርጉሮ በሁለት መልክ ሚክስ አድርገው፣ አንዱን ትንፋሹ ዝቅ ብሎ፣ ሌላውን እንዳለ፣ የትኛው የቱ እንደሆነ ሳይነገር ለፈቃደኞች ሊልኩ። ከሥር ብዙ ሰዎች ተመዘገቡ፤ የ16ኛው ጸሐፊ የሞገዱ ሥዕል አብሮ እንዲላክላቸው ጠየቁ፤ የ11ኛውም ጸሐፊ ያለ አንዳች ማብራሪያ ስማቸውን አስገቡ። ዘፋኟ በ39ኛው ተመዝግበዋል፣ ነገር ግን ሦስተኛ ቅጂ እንዲጨመር ቅድመ ሁኔታ አስቀምጠዋል፤ እርሱም ያለ ምንም ኮምፕሬሰር፣ ከማይክሮፎኑ እንደወጣ ያለው ነው። ኢንጂነሩ እስካሁን አልመለሱላቸውም።